ክርስትና እናት እንድሆን ተጠይቄ፣ ጥምቀት በሕፃኗ ላይ ምን እንደሚፈጽም መናገር አቃተኝ

የሽምብጥ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከሕፃንነታችን ጀምሮ አብረን ያደግን ጓደኛዬ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ሕፃኗ ሁለት ወር ሊሞላት ነው፤ ሰማንያኛው ቀኗ ሲደርስ ክርስትና እንዳነሣላት እናቷ ለምናኛለች። እኔም በደስታ እሺ ብዬ ስለ ነጭ ልብሷና ስለ አንገቷ መስቀል ማሰብ ጀምሬ ነበር። ከጥቂት ቀናት በፊት ግን የወንጌል አማኝ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ ነገሩን ሰምቶ፣ ክፋት በሌለበት ድምፅ፣ «ሕፃኗ አላመነች፣ አልበደለች፣ የሚደረግላትንም አታውቅ፤ ታዲያ ውኃው ምን ያደርግላታል?» ሲል ጠየቀኝ። «ሥርዓታችን ነው፤ አባቶቻችን ያቆዩልን ነው» ከማለት በቀር የምመልሰው አጣሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ያሳፈረኝ የእርሱ ጥያቄ ሳይሆን የእኔ መልስ ነው። በሕፃኗ ፋንታ ሃይማኖቷን የምመሰክረው እኔ ነኝ፤ ስለ ምን እንደምመሰክር ሳላውቅ ከካህኑ ፊት እንዴት እቆማለሁ?

ሌላም የከበደኝ ነገር አለ። በጸሎተ ሃይማኖት «በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» እንላለን። እኔ ግን በየዓመቱ ጥር 11 ቀን ከሕዝቡ ጋር ቆሜ ውኃ ይረጭብኛል፤ ባለፈው ክረምትም ወገቤን አሞኝ ሁለት ሱባኤ ጸበል ተጠምቄአለሁ። ታዲያ እስካሁን ስንት ጊዜ ተጠመቅሁ ማለት ነው? የምታውቁ ሁሉ ለክርክር ሳይሆን ለማስተማር ብላችሁ ብትጽፉልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዲያቆን ዘጣና

እህቴ፣ በመጨረሻ ከጠየቁት ልጀምር፤ እርሱ ከተፈታ ሌላው ይቀልላልና። በአማርኛ «ተጠመቀ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ተሸክሞ ይኖራል። ሰው ከሕመሙ ለመፈወስ ጸበል ሄዶ ውኃ ሲፈስስበት «ተጠመቀ» እንላለን፤ ሕፃን በክርስትና ቤት ከውኃና ከመንፈስ ሲወለድም «ተጠመቀ» እንላለን። የመጀመሪያው ሰው በታመመና በረከት በፈለገ ቁጥር ይደጋገማል። ሁለተኛው ግን ልደት ስለ ሆነ አይደገምም፤ ከእናቱ ማኅፀን ሁለት ጊዜ የተወለደ ሰው የለምና። የጥር 11 ውኃም እንዲሁ ነው፤ በከተራ ታቦታቱ ወርደው፣ ሌሊቱን ማኅሌቱና ቅዳሴው ተደርሶ፣ ውኃው ተባርኮ በሕዝቡ ላይ ሲረጭ፣ ጌታ በዮርዳኖስ መጠመቁን እናስባለን፣ በረከትም እንቀበላለን እንጂ በዚያ ቀን ማንም ዳግመኛ ክርስቲያን አይሆንም። ስለዚህ እርስዎ የተጠመቁት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሰማንያ ቀንዎ ነው።

አሁን ወደ ባልደረባዎ ጥያቄ ልምጣ። «አልበደለች» ማለቱ እውነት ነው፤ የሁለት ወር ሕፃን የሠራችው ኃጢአት የለም። ሆኖም ጥያቄው ጥምቀትን የቆሸሸ ነገር የሚታጠብበት ውኃ አድርጎ ብቻ ከማየት የመጣ ይመስለኛል። እኛ ጥምቀትን አስቀድመን የምንጠራው «ልጅነት የሚገኝበት» ብለን ነው። አዳም በተፈጠረ በአርባኛው፣ ሔዋንም በሰማንያኛው ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ በመጽሐፈ ኩፋሌ ተጽፏል፤ ወንዱን በአርባ፣ ሴቷን በሰማንያ ቀን የምናጠምቀው በዚህ ምክንያት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ላይም ለወለደች እናት የመንጻት ወራት ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ሆኖ ተቆጥሯል። አዳምና ሔዋን በበደሉ ጊዜ ያጡት ያንን የጸጋ ልጅነት ነው፤ እኛም ከእነርሱ ስንወለድ ያንን ማጣት ይዘን ተወለድን።

በአገራችን አነጋገር ልመስለው። አባቱ ርስቱን ተነቅሎ በባዕድ አገር ሳለ የወለደው ልጅ አለ እንበል። ልጁ ማንንም አልበደለም፤ ነገር ግን ከርስቱ ውጭ ተወልዷል። ርስቱ ሲመለስለት «ይህ ሕፃን ስለ መሬት ምን ያውቃል? አድጎ ራሱ ይጠይቅ» ብሎ የሚከራከር ዘመድ አይገኝም፤ በስሙ ይያዝለታል፣ ሲያድግም «ይህ የአንተ ነው፣ ጠብቀው» ይባላል። ጌታ ለኒቆዲሞስ «ሰው ከውኃና ከመንፈስ ካልተወለደ በቀር ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ሊገባ አይችልም» ሲለው የተናገረው ስለ መወለድ ነው፤ በመወለድ ደግሞ የሚሠራው የሚወለደው ሰው አይደለም።

ልሳነ ግእዝ

ዲያቆን በነገሩ ላይ ስለ ተናገሩ እኔ ስለ ቃሉ ጥቂት ልጨምር። «ጠመቀ» ማለት ነከረ፣ ዘፈቀ፣ ማለት ነው፤ የግሪኩ «ባፕቲዞ» የሚለው ቃልም ትርጉሙ ይኸው መንከር፣ ማጥለቅ ነው። ጠላ ጠመቀች የምንለውም ጌሾውና ብቅሉ በውኃ ውስጥ ተዘፍቀው፣ ውኃው ውኃነቱን ትቶ ሌላ ነገር እስኪሆን ስለሚቆዩ ይመስለኛል። ካህኑ ሕፃኗን ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ እያገባ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም ሲያጠምቃት፣ ሦስትነቱ የክርስቶስን ሦስት መዓልትና ሦስት ሌሊት በመቃብር ማደርም ያሳያል። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 6 «በጥምቀት ከእርሱ ጋር ተቀበርን» ያለው ይህንኑ ነው፤ መግባቱ መቃብር፣ መውጣቱ ትንሣኤ ነው።

እዚህ ላይ አማርኛችን ሳናስተውለው የሚሰብከው ነገር አለ። ሃይማኖቱንም ሥርዓቱንም በአንድ ቃል «ክርስትና» እንላቸዋለን፤ ሰውየው ከዚያ ውኃ በፊት ክርስትና የለውም፣ ከዚያ በኋላ ግን አለው ማለታችን ነው። ደግሞም ሕፃኑ «ክርስትና ተነሣ»፣ ክርስትና አባቱም «አነሣው» እንላለን። ተነሣ የምንለው ለማን ነው? ለወደቀ፣ ለተኛ፣ ለሞተ ነው። እናቶቻችን የሮሜን መልእክት ሳያነቡ የሮሜን መልእክት ይናገሩ ነበር።

ዓባይ ማዶ

የጠየቀችውን እህት ስላከበርሁ፣ እንደ ባልደረባዋ ያለ የወንጌል አማኝ ምን እንደሚያስብ በግልጽ ልጻፍ፤ ማንንም ለማስቀየም አይደለም። እኔ የተጠመቅሁት በ22 ዓመቴ፣ በጣና ዳር፣ ጸጥ ባለ የማለዳ ሰዓት፣ ከሌሎች አራት ወጣቶች ጋር ነው። ውኃው ወገቤ ድረስ ነበር፤ ወደ ውስጥ ሳልጠልቅ በፊት በክርስቶስ ማመኔን በራሴ አፍ ተናገርሁ። ያን ጠዋት እስካሁን አልረሳውም፤ ልጆቼም እንዳይረሱት ደጋግሜ ነግሬአቸዋለሁ።

በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ሳነብ ቃሉ ይሰበካል፣ ሰው ያምናል፣ ከዚያ ይጠመቃል። የአገራችን ጃንደረባ በምዕራፍ 8 «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ያለው ፊልጶስ ስለ ኢየሱስ ከሰበከለት በኋላ ነው። የማርቆስ ወንጌልም «ያመነ የተጠመቀም ይድናል» ሲል ማመንን ያስቀድማል። ዲያቆን ስለ ርስት የተናገሩት ምሳሌ ያምራል፤ ነገር ግን የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 1 የእግዚአብሔር ልጆች የሚሆኑት «በስሙ ለሚያምኑት» እንደ ሆነ፣ «ከደም ወይም ከሥጋ ፈቃድ» እንዳልተወለዱም ይናገራል። ርስት ከአባት ወደ ልጅ በደም ይተላለፋል፤ እምነት ግን እንደዚያ የሚተላለፍ አይመስለኝም። ለእኔ ጥምቀት በልቤ አስቀድሞ ለተፈጸመው ነገር በሰው ፊት የሰጠሁት ምስክርነትና ለጌታ ትእዛዝ ያደረግሁት መታዘዝ ነው። በሕፃንነቴ በአርባ ቀኔ መጠመቄን አልሰወርሁም፤ ወላጆቼም የማይገባ ነገር አደረጉብኝ አልልም። ነገር ግን በዚያ ጊዜ እኔ አልነበርሁበትም።

የወንጌል ተማሪ

ወንድሜ ዓባይ ማዶ የጻፈውን ብዙ ሰው «የፕሮቴስታንቶች ትምህርት» ብሎ ሊወስደው ስለሚችል አንድ ማስተካከያ ልጨምር። እኔ ያደግሁት በመካነ ኢየሱስ ጉባኤ ውስጥ ነው፤ እናም የተጠመቅሁት ሕፃን ሳለሁ ነው። በሉተራውያን ዘንድ ጥምቀት በመጀመሪያ እግዚአብሔር ለሰው የሚያደርገው ነገር እንጂ ሰው ለእግዚአብሔር የሚያቀርበው ምስክርነት አይደለም፤ ስለዚህ ሕፃን እጁን ዘርግቶ ምንም ማቅረብ አለመቻሉ ጸጋን ለመቀበል እንቅፋት አይሆንበትም፣ እንዲያውም ጸጋ በነፃ መሰጠቱን ከሁሉ ይልቅ በእርሱ ላይ እናያለን። ያመኑ ብቻ ይጠመቁ የሚለው አቋም በተሐድሶው ዘመን ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1525 በስዊዘርላንድ ዙሪክ ከተማ ነው፤ ሕፃን ሳሉ የተጠመቁ ሰዎች እንደ ገና ስለ ተጠመቁ ባላንጣዎቻቸው «ዳግም አጥማቂዎች» አሏቸው፤ ብዙዎቹም ስለዚህ እምነታቸው ተገድለዋል። የሜኖናውያን ወገን፣ በአገራችንም መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ሥር የመጣ ነው። ልዩነቱ በኦርቶዶክስና በፕሮቴስታንት መካከል ብቻ የተሰመረ አይደለም ለማለት ነው።

ጃንደረባውን በተመለከተም፣ «በፍጹም ልብህ ብታምን ተፈቅዶአል» የሚለው 37ኛ ቁጥር በጥንታውያኑ ብዙ የእጅ ጽሑፎች ውስጥ አይገኝም። ይህ ማለት ጃንደረባው አላመነም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በዚህ አንድ ቁጥር ላይ ብዙ ሸክም መጫን አይገባም።

የሽምብጥ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዓባይ ማዶ፣ ቅን አነጋገርህ ባልደረባዬን እንድረዳው አድርጎኛል። ግን ዲያቆን፣ «እኔ አልነበርሁበትም» የሚለው ቃል በልቤ ተተክሎ ቀርቷል። ሕፃኗ ስታድግ ይህንኑ ብትጠይቀኝ ምን እላታለሁ?

ዲያቆን ዘጣና

ወንድማችን በጨዋነት ስለ ጻፈ በጨዋነት ልመልስ። ጃንደረባው፣ ቆርኔሌዎስና በጰንጠቆስጤ ቀን የተጠመቁት ሦስት ሺህ ሰዎች ሁሉ አዋቂዎች ነበሩ፤ ወንጌል አዲስ በገባበት ቦታ የመጀመሪያው ተጠማቂ አዋቂ መሆኑ ግድ ነው። ዛሬም ቢሆን አዋቂ ሰው ወደ እኛ ሲመጣ አስቀድሞ ንኡሰ ክርስቲያን ሆኖ ተምሮ፣ አምኖ እንጂ እንዲሁ አይጠመቅም። በቅዳሴያችን ውስጥ ንኡሰ ክርስቲያን የሚወጡበት ሰዓት እስካሁን መኖሩ ለዚህ ምስክር ነው። ጥያቄው ያመኑት ሰዎች ልጆች ምን ይሁኑ የሚለው ነው። ጴጥሮስ በዚያው ቀን «የተስፋው ቃል ለእናንተና ለልጆቻችሁ ነው» ብሏል። የልድያ ቤተሰብ፣ የፊልጵስዩስ ወኅኒ ጠባቂ ቤተሰብ በሙሉ ተጠምቀዋል፤ በእነዚያ ቤቶች ሕፃን ነበረ ተብሎ በቃል አልተጻፈም፣ አልነበረም ተብሎም አልተጻፈም። ቆላስይስ ምዕራፍ 2 ግን ጥምቀትን በግዝረት አንጻር ያስቀምጠዋል፤ እስራኤላዊ ሕፃን በስምንተኛው ቀን ሲገረዝ ኪዳኑን አውቆ አልነበረም፤ በኪዳኑ ውስጥ አድጎ አወቀው።

በጥንት ዘመን ነገሩ ያለ ጥያቄ አልታለፈም፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ የነበረው የሰሜን አፍሪካው ተርቱልያኖስ ሕፃናት ቢቆዩ እንደሚሻል መክሯል፤ ምክሩ ራሱ ግን በዘመኑ ሕፃናት ይጠመቁ እንደ ነበር ያሳያል። ከእርሱ በኋላ በ3ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዚያው አገር በካርታጎ ቅዱስ ቆጵርያኖስና ከእርሱ ጋር የተሰበሰቡ ኤጲስ ቆጶሳት፣ ሕፃኑ እስከ ስምንተኛ ቀን እንኳ መጠበቅ እንደማያስፈልገው ወስነዋል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ብዙ ሰዎች ከጥምቀት በኋላ በኃጢአት እንዳይወድቁ ፈርተው እስከ እርጅና ያቆዩት ነበር፤ ንጉሡ ቆስጠንጢኖስ የተጠመቀው እ.ኤ.አ. በ337 በሞቱ ዋዜማ ነው። አባቶች ይህን ማዘግየት አጥብቀው ነቀፉት።

እህቴ፣ ልጅቷ «እኔ አልነበርሁበትም» ስትልዎት በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ያለውን ሽባ ያንብቡላት። አራት ሰዎች ተሸክመው፣ ጣራ አፍርሰው አወረዱት፤ ወንጌላዊው ጌታ «እምነታቸውን አይቶ» ይላል። የተሸካሚዎቹን እምነት አይቶ ለተኛው ሰው ኃጢአቱ ተሰረየለት አለው። በዚያ ጠዋት ከተሸካሚዎቹ አንዷ እርስዎ ነዎት። ወደ ምዕራብ ዞረው ሰይጣንን ይክዱላታል፣ ወደ ምሥራቅ ዞረው በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ማመኗን ይመሰክሩላታል። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ሁሉ እርስዎ ስለ እርሷ የተናገሩትን እርሷ ራሷ የምትናገርበት ነው፤ ያ ካልሆነ ዓባይ ማዶ ያነሣው ቅሬታ በእኛ ላይ እውነት ይሆናል። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን አስጠምቀን ሳናስተምር መቅረታችን ለወንድሞቻችን መሰናክል ሆኗል፤ ይህን ስናገር በሐዘን ነው።

እናት ነኝ

ይህን ሁሉ በዝምታ ሳነብ ቆይቼ ነበር። የመጀመሪያ ልጄ ወንድ ነበር፤ በሃያ ሦስተኛ ቀኑ ሞተብኝ። ከመሞቱ በፊት አምስት ቀን ታሞ ሐኪም ቤት ነበርን፤ ከዘመዶቻችን ማንም ካህን ጠርታችሁ አስጠምቁት ያለን የለም። «አርባ ቀኑ አልደረሰም» ነበር የሚሉት። ከቀበርነው በኋላ አንዲት ሴት በቤቴ ተቀምጣ «ሳይጠመቅ ሄደ» ብላ ስትናገር ሰማሁ። ስምንት ዓመት ሆኖኛል፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ልጆች ወልጄ አስጠምቄአለሁ፤ ያችን ቃል ግን ማውጣት አልቻልሁም። ዲያቆን፣ ስለ ልጄ የሚሉኝ ነገር ካለ ንገሩኝ፤ ከሌለም ዝም ማለትዎን አከብራለሁ።

ዲያቆን ዘጣና

እናቴ፣ ዝም አልልም። በመጀመሪያ፣ ያ ቃል በቤትዎ ሊነገር የማይገባው ነበር። ሁለተኛ፣ ይህን የሚያነቡ ወላጆች ሁሉ እንዲያውቁት አጥብቄ እጽፋለሁ፤ ሕፃን ለሞት በሚያሰጋ ሕመም ላይ ሲሆን አርባ ወይም ሰማንያ ቀን አይጠበቅም፤ ካህን ተጠርቶ በማንኛውም ቀን፣ በማንኛውም ሰዓት ያጠምቀዋል። ቀኑ የሥርዓት ቀን ነው፤ ሥርዓት ደግሞ ሕይወትን ለመጠበቅ እንጂ ሕይወትን ለማሳጣት አልተሠራም።

ስለ ልጅዎ ልንገርዎ። እኛ ከውኃና ከመንፈስ መወለድ ግድ እንደ ሆነ እናስተምራለን፤ ይህን ትምህርት እርስዎን ለማጽናናት ብዬ አላላላም፣ እርስዎም እንደዚያ እንዳደርግ የሚፈልጉ አይመስለኝም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ሳይጠመቁ በሰማዕትነት የሞቱትን «በደማቸው ተጠመቁ» ብላ ተቀብላለች፤ በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴም ከመስቀል ወርዶ ሳይጠመቅ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ተብሏል። ውኃውን ያዘዘን እርሱ ነው፤ ትእዛዙ እኛን ያስረናል እንጂ እርሱን ከምሕረቱ የሚከለክለው የለም። እርስዎ ልጅዎን ለማስጠመቅ ቀን ትቆጥሩ ነበር፤ ይህን የልብ ዝግጅት ያየ አምላክ ነው። ስለ ሕፃኑ ፍርዱን ለእርሱ ትተን በምሕረቱ ተስፋ እናደርጋለን። ስሙን ካወጡለት በጸሎትዎ ይጥሩት፤ ከፈቀዱ እኔም እጠራዋለሁ።

እናት ነኝ

ስም አውጥተንለት ነበር። በግል እልክልዎታለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዓባይ ማዶ

እኅቴ፣ ከልቤ አዝኛለሁ። በዚህ ነገር ላይ በትምህርት ብንለያይም ልጅሽ በጌታ እጅ እንደ ሆነ እኔ አልጠራጠርም። ዲያቆን፣ ስለ ማስተማር የጻፉትንም ተቀብያለሁ። በእኛም ዘንድ ቢሆን በወጣትነቱ ምስክርነት ሰጥቶ የተጠመቀ፣ ከዚያ በኋላ ግን ፊቱን ያላየነው ብዙ ነው፤ በራስ አፍ መናገር ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ልሳነ ግእዝ

እህታችን በመጀመሪያ ስለ «አንዲት ጥምቀት» ያነሣችው ጥያቄ በዚህ በጣና ዙሪያ ትልቅ ታሪክ አለው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገራችን መጥቶ በጥምቀት ቀን ሕዝቡ ውኃ ሲገባ ባየ ጊዜ፣ በየዓመቱ ዳግመኛ የምንጠመቅ መስሎት ነቅፎ ጽፏል። ከመቶ ዓመት በኋላ ነገሩ በተቃራኒው መጣ። ዐፄ ሱስንዮስ የሮምን እምነት እ.ኤ.አ. በ1626 በይፋ ሲቀበሉ፣ ፓትርያርክ ሆኖ የተላከው አፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱም እንደ ገና ክህነት እንዲቀበሉ አዘዘ። የሮም ካቶሊክ ካህናት የሆኑት ኢየሱሳውያን በጣና ሰሜን ዳርቻ በጎርጎራ ሰፍረው ነበር። ሕዝቡን ከሁሉ ይልቅ ያስቆጣው ይህ ትእዛዝ እንደ ሆነ አምናለሁ፤ እንደ ገና ተጠመቅ መባል «እስካሁን ክርስቲያን አልነበርህም፣ አባትህም እናትህም አልነበሩም» መባል ነውና። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1632 ሱስንዮስ የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት» የሚለው ሐረግ እ.ኤ.አ. በ381 በቁስጥንጥንያ ሲጻፍ ስለ እኛ አልታሰበም ነበር፤ እኛ ግን ዋጋ ከፍለንበታል።

ደንገል

እኔ የደቅ ደሴት ተወላጅ ነኝ፣ ዕድሜዬም ገፍቷል። የተማሩት ብዙ ጽፈዋል፤ እኔ ክርስትና እናት ለምትሆነው ልጄ ስለ ስሙ ብቻ ልንገራት።

በልጅነቴ አባቶች ሲያስተምሩ እንዲህ ይሉ ነበር። ዲያብሎስ በአዳምና በሔዋን ላይ መከራ ባጸናባቸው ጊዜ «አዳም ገብሩ ለዲያብሎስ፣ ሔዋን አመቱ ለዲያብሎስ»፣ አዳም የዲያብሎስ ባሪያ፣ ሔዋንም የዲያብሎስ ገረድ፣ የሚል የዕዳ ደብዳቤ አስጽፎ አንዱን በዮርዳኖስ፣ አንዱን በሲኦል ጣለው። ጌታ በሠላሳ ዘመኑ ወደ ዮርዳኖስ የወረደው ኃጢአት ኖሮበት ሳይሆን ያን ደብዳቤ ሊያጠፋልን ነው፤ የሲኦሉንም በሞቱ ደመሰሰው። አሁን የክርስትና ስሞቻችንን ልብ በዪ፤ ገብረ ሚካኤል፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ወለተ ማርያም፣ አመተ ሥላሴ። ገብርና አመት የሚሉት ቃላት እነዚያው ናቸው፤ ጌታቸው ግን ተለውጧል። ካህኑ ለሕፃኗ ስም ሲያወጣላት ያ ደብዳቤ ተቀዶ በምትኩ ሌላ ይጻፋል።

ይህን ስም ልጄ፣ እንዳትረሺው። ታላቅ ወንድሜ ከአገሩ ርቆ ኖሮ በሞተ ጊዜ፣ ሬሳው መጥቶ ለፍትሐት ሲቆም ካህኑ «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» ቢሉ ሚስቱም ልጆቹም አላወቁትም፤ እናታችንም ቀድማ ሞታ ነበር። እኔም አላውቀውም ነበር። በመጨረሻ በሌላ መንደር የሚኖሩ፣ ዓይናቸው የማያይ ክርስትና አባቱ ተፈልገው ተገኙ፤ ጥያቄው ሳያልቅ ስሙን ተናገሩ። ከስድሳ ዓመት በላይ ይዘውት ኖረዋል። ወላጆቹ አበልጅ ያደረጓቸው ለድግሱ አልነበረም።

የሽምብጥ ልጅ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ እየጻፍሁ ነው፤ ክርስትናዋ ትናንት ተፈጸመ። ሌሊት በአሥር ሰዓት ተነሥተን ሄድን፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ብርድ ስለ ነበረው በሁለት ጋቢ ጠቅልያት ነበር። ወደ ምዕራብ ዞሬ ስክድ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ወደ ምሥራቅ ስዞር ግን አልተንቀጠቀጠም። ሦስተኛውን ጊዜ ከውኃው ስትወጣ አለቀሰች፤ ካህኑ ሰጡኝና አቀፍኋት፣ ሜሮን ተቀባች፣ ማዕተቧ ታሰረላት፤ ከዚያም በቅዳሴው ሥጋ ወደሙን ተቀበለች። ውኃው ሲባረክ ከጌታ ጎን የፈሰሰው ማየ ገቦ እንደሚሆን በቅርቡ የሰማሁት ትምህርት ስለ ነበር፣ እርጥብ ፀጉሯን ለማድረቅ እጄ እምቢ ብሎኝ ጥቂት ቆየሁ።

ዛሬ በሻይ ሰዓት ለባልደረባዬ ስለ አራቱ ተሸካሚዎች ነገርሁት። በሁሉም አልተስማማም፤ ግን «ስታድግ ምን ልታስተምሪያት አሰብሽ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ብዙ ሰዓት ተነጋገርን። አባታችን ደንገል፣ ስሟ ወለተ ሥላሴ ተብሏል። በመጽሐፍ ቅዱሴ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ፤ በቃሌም ይዤዋለሁ።